ሰባት ወደብ፣ ስልሳ መርከብ

ባለቤቴ ቤት መቀመጥ አይችልበትም። ይኼን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ፊቱም ላይ እለዋለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በትልልቅ የጭነት መርከቦች ላይ መሪ ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። ቤት የሚመጣው ለአርባ ቀን ነው፤ አርባው ቀን ሳያልቅ ደግሞ ጫማውን መወልወል ይጀምራል። እህቴ «እንግዳው» የሚል ስም ያወጣችለት ገና በተጋባን ዓመት ነው። ለቀልድ ያለችው ተጣብቆበት ቀረ፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል።

ዘንድሮ ግን መርከቧ ለትልቅ ጥገና ቆመችና እንግዳው አራት ወር ሊቀመጥ መጣ። መጀመሪያ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነ። ቀጥሎ የማያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠግኖ እንዲያንጠባጥብ አደረገው። የበሩን ማጠፊያዎች በሙሉ ዘይት ቀባ። የዘይቱን ጣሳ ይዞ ወደ እኔ መስፊያ ማሽን ሲመጣ ነው መቀሴን ያነሳሁት። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ሳሎኑ ውስጥ በመስኮቱ ሥር እሠራለሁ፣ ማሽኔን ከእኔ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም።

«በቃ፤ ሂድና ከልጅህ ጋር ተቀመጥ» አልኩት።

ልጃችን አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። የቤት ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈቀድላታል፤ እሷም በዚያ ሰዓት መንግሥት ታስተዳድርበታለች። ጨዋታው የዓለም ካርታ ነው። ከጥንት ከተሞች አንዱ ይመረጣል፤ ከዚያ ቀኑና ወሩ እየተቆጠረ ንግዱን፣ ጦሩን፣ ጋብቻውን፣ እርቁን ተጫዋቹ ይመራል። እሷ የመረጠችው ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ የንግድ ከተማ ነው። ዓላማዋ ደግሞ ስሪቪጃያን መልሳ መመሥረት። ስሪቪጃያ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በማላካ ወሽመጥ ግራና ቀኝ የነበረ፣ ከየብስ ይልቅ ውሃ የገዛ መንግሥት ነው ብላ አስረድታኛለች። ስሙን ምላሴ እስኪለምደው አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ለመመሥረቻው ስልሳ መርከብ ያስፈልጋል፤ በወሽመጡ ዙሪያ ያሉ ሰባት ወደቦችም መያዝ አለባቸው። ይኼ ቀላሉ ነው። ክፉው ነገር፣ ሰባቱን ወደቦች አንዱንም ሳያስነኩ አስር ዓመት መቆየት ነው። አንድ ወደብ ለአንድ ቀን እንኳ ከእጅ ከወጣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። እሷ ደግሞ በጥንቃቄ ስለምትሄድ የጨዋታው አንድ ወር አንድ ቀን ይፈጅባታል። ይባስ ብላ ወደ ኋላ መመለስ የማይቻልበትን ደረጃ መርጣለች፤ የተበላሸ ተበላሸ ነው።

«ለምን ታከብጂዋለሽ?» ብላት፣ «ካልከበደማ ምኑን ተመሠረተ?» አለችኝ። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

እንግዳው የመጀመሪያውን ቀን ወንበር ስቦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሰው ቤት እንደመጣ ሰው ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ግን አንገቱን ወደ ስክሪኑ አሰገገ።

«ይኼን ቦታ አውቀዋለሁ» አለ።

«የቱን አባዬ?»

«ይኼን ጠባቡን። እዚህ ጋ ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ሥሩ አሸዋ ነው። መርከቡ እንደ መኪና ነው የሚሰለፈው፤ አንዱ ከፊትሽ፣ አንዱ ከኋላሽ። አንዳንዴ ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና ዝናቡ ሲለቀቅ አፍንጫሽን አታዪውም።»

ልጅቷ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «አንተ እዚህ ነበርክ?»

«ስንት ጊዜ!»

ከዚያ ቀን ወዲያ ወንበሩ ከቦታው አልተነሳም። እሱ «አለቃዬ» ይላታል፣ እሷ ታዘዋለች። ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ፣ የትኛው ወደብ ከማዕበል እንደሚከልል ሲነግራት እሷ ማስታወሻ ትይዛለች። እኔ በመስኮቱ ሥር ማሽኔን እየረገጥኩ ጀርባቸውን አያለሁ። ትከሻቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ሁለቱም ሲያስቡ ግራውን ከፍ ያደርጉታል። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ጨዋታውን አቁማ ትጠይቀው ጀመር።

«እኔ ስወለድ የት ነበርክ?»

ጣቱን ከወሽመጡ በስተ ምዕራብ፣ አንድም ደሴት የሌለበት ሰማያዊ ላይ አሳረፈ። «እዚህ። መልእክቱ በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። የመርከቡ ወጥ ቤት ለሁሉም ስኳር የበዛበት ሻይ አፈላ። ካፒቴኑም ጠጣ።»

«የመጀመሪያው ጥርሴ ሲወልቅ?»

ጣቱ ተንከራተተና ወደ ሰሜን ወጣ። «እዚህ መሰለኝ። ብርድ ነበር።»

«ትምህርት ቤት ስገባ?» አሳያት። «ሳንባ ምች ይዞኝ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜስ?»

ይኼን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረ። «የሳንባ ምች?»

«ከዳነች በኋላ ምን ልንገርህ ብዬ ነው» አልኩት፣ ከማሽኑ ቀና ሳልል።

ጨዋታው ካርታው ላይ ምልክት መትከል ይፈቅዳል። እሷ ላሳያት ቦታ ሁሉ ትንሽ ቀይ ምልክት ተከለችለት። ሲጨርሱ ባሕሩ ኩፍኝ እንደወጣበት ሕፃን ተነቁጦ ነበር። እኔም የያዝኩትን መጋረጃ ገልብጬ ሰፍቼው ኖሮ ቁጭ ብዬ ስፈታ አመሸሁ።

አራተኛው ወር ሊያልቅ ሲል የመርከብ ድርጅቱ ወኪል ደወለ። አዲስ መርከብ፣ የአስራ ስምንት ወር ኮንትራት፣ መነሻው እሑድ፣ መልስ መስጫው እስከ ሐሙስ። በዚያው ሰሞን የከተማችን ወደብም ሰው ይፈልግ ነበር፤ ትልልቆቹን መርከቦች እየጎተተች በምታስገባው ጀልባ ላይ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት የሚገባ መሪ ያዥ። እንግዳው ሁለቱንም ራት ላይ ነገረን፤ ነገ ይዘንባል እንደሚል ሰው አድርጎ። ልጅቷ ሳህኗን አየች። እሱ እኔን አየኝ።

«አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

«እሺ» አለ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ። የባለቤቴ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸውም የመርከበኛ ሚስት ነበሩ። በሠርጌ ማግስት ወደ ማድ ቤት ጠርተው እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ ሲሄድ ቅር አለኝ እንዳትዪው። አልቅሰሽ አትሸኚው። መሪ የያዘ ሰው ልቡ ለሁለት ከተከፈለ ራሱንም ሰዉንም ያጠፋል። ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። እኔም ቃላቸውን አከበርኩ። ባለሱቁ፣ አከራዩ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የሚፈሩት ይኼ ምላሴ ለእሱ መሄድ ብቻ ዲዳ ሆነ። ሻንጣውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሸሚዞቹን አጥፌ፣ ካልሲዎቹን ጠቅልዬ፣ «በሰላም ግባ» ብዬ በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ ማሽኔ ላይ ቁጭ እልና እስኪመሽ ድረስ እሰፋለሁ።

ልጅቷ ግን ሌላ ስሌት ይዛ ነበር። ከቆጠራው የቀረው አስር ወር ነው፤ በእሷ አካሄድ አስር ቀን። እሱ ደግሞ እሑድ ሊሄድ ይችላል።

«አባዬ ሳይሄድ መመሥረት አለብን» አለችኝ ሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን እያነገተች። ወደ እሱም ዞራ፣ «እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ተረኛው አንተ ነህ። ጊዜው ብቻ ይሂድ፣ ምንም አትንካ። ቀይ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ረጅሙን ቁልፍ ተጫንና አቁመው» አለችው።

«እሺ አለቃዬ።»

ሰኞና ማክሰኞ በሰላም ዋሉ። ሁለት ሁለት ሰዓት እየተቀመጠ ከአስሩ ወር ስድስቱን አሳለፈ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ ምናልባት ከመሰልቸት፣ አንዱን የመርከብ ቡድን ተጭኖ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ።

«ነይ እስቲ እዪ» አለኝ።

«ምኑን?»

«እነዚህ ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ ወደብ አልገቡም።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«መርከበኞቹ ናቸዋ። ተመልከቺ፤ የወጡበት ቀን ተጽፏል። ማንም አልቀየራቸውም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሥዕል እኮ ናቸው!»

«ሥዕልም ቢሆኑ» አለ።

እየሳቅሁ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ማወቅ ነበረብኝ። መርከብ ላይ የማያውቀው ሰው ሲታመም አብሮ የሚታመም ሰውዬ ነው። በሥራው ሕግ መሠረት ሁሉንም በአንዴ አላስገባም፤ ግማሹን ወደ ቤት ላከ፣ ግማሹን ዘብ አስቀረ። ሠላሳዎቹ ሲመለሱ ሌሎቹን ሊልክ ነው። ለእውነተኛ መርከብ ይኼ ትክክል ነው። በጨዋታው ግን መርከበኛ አይደክምም፣ አይናፍቅም፤ በሰሜን በኩል ያለው ጠላት መንግሥት ደግሞ የሚቆጥረው መርከብ ብቻ ነው። ስልሳ የነበረው ሠላሳ ሲሆንለት በአስራ አንድ ቀን ውስጥ መጥቶ አንዲቱን ደሴት ከነወደቧ ወሰደ። እንግዳው ቀዩን ሲያይ እንደታዘዘው ረጅሙን ቁልፍ ተጫነ። ጊዜው ቆመ፤ ወደቡ ግን ሄዷል።

ምሳ ብለው አልበላም። ልጅቷ እስክትመጣ ድረስ በቆመው ስክሪን ፊት አስከሬን እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ ዋለ።

መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ አየችው። ቆጣሪው ዜሮ ዓመት፣ ዜሮ ወር ይላል።

«ምን ሆነ?»

«እኔ ነኝ አለቃዬ። ግማሾቹን ወደ ቤት መለስኳቸው።»

«ለምን?»

«ደክሟቸዋል ብዬ። ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር ብዙ ነው። ሰው ቤቱን ይናፍቃል።»

ትጮኻለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻል ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ነው የተናገረችው።

«እነሱ እኮ ሰው አይደሉም። ቤት የላቸውም። የሚጠብቃቸው ልጅ የለም። የሚጠብቅህ ልጅ ያለህ አንተ ነህ። አንጀትህ ለእነሱ ከራራ ለእኔስ?»

ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ፤ ታግዘኛለች ብሎ ይሆናል። የማግዘው ነገር አልነበረኝም። «ምንም አትሉኝም ነበር እኮ» አለ።

«ምን እንበልህ?»

«እኔ እንጃ። ሻንጣዬን አዘጋጅተሽ በር ላይ ታቆሚልኛለሽ። ቤቱ ያለ እኔ ይሄዳል። እኔ ስመጣ ቧንቧ ነው የማበላሸው። ስሄድ የምትገላገሉኝ ነበር የሚመስለኝ። አርባ ቀን ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ከቆየሁ ይሰለቹኛል ብዬ ነው ጫማዬን የምወለውለው።»

መርፌው ላይ የነበረው እጄ ቆመ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ስናገር፣ ስሳደብ፣ ስቀልድ የኖርኩ ሴት፣ የሚያስፈልገውን አንድ ቃል ሳልለው ቀርቼ ሰውዬው በራሱ ቤት እንግዳ ሆኖ ኖሯል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔስ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

«አትሂድ» አልኩት። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ከመቆየቱ ብዛት ሲወጣ ሳል ነው የመሰለው።

«ምን አልሽ?»

«አትሂድ አልኩህ! ድሮም አትሂድ ነበር የምልህ። በየጊዜው፣ በየበሩ። ሻንጣህን የማዘጋጀው እጄ ሥራ ካልያዘ አንተን ይይዛል ብዬ ነው። እናትህ ናቸው አትንገሪው ያሉኝ፣ ልቡ ይከፈላል ብለው።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ዓይኑ ሞላ።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለኝ።

እስቲ አሁን፣ እሱ ነው እኔን የት ነበርሽ የሚለኝ! ልስቅም ላለቅስም ስል ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ተነስቶ መጣና ግንባሩን ግንባሬ ላይ አደረገ። ከነዘይት ጣሳው ካባረርኩት ቀን በኋላ ወደ ማሽኔ ሲጠጋ የመጀመሪያው ነው፤ አልከለከልኩትም።

ከዚያ ሄዶ የልጅቷን በር አንኳኳ። እንዳልሰማ ብዬ ነበር፤ ግን ሰማሁ።

«አለቃዬ፣ እንደገና ብንጀምር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

በሩን ደግሞ አንኳኳ።

«ደሴቷን ማስመለስ አለ፣ ከዚያ አስር ዓመት። ስንት ይሆናል?»

«አራት ወር» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋ እንደታፈነ። «ግን ነገ ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ወንበር ነው የምፈልገው። ታስቀምጪኛለሽ?»

በሩ ተከፈተ።

ሐሙስ ጠዋት ወኪሉን በስልክ ሲያናግር ካፒቴን ፊት እንደቆመ ቀጥ ብሎ ነበር። «አመሰግናለሁ፣ አልሄድም» አለ፤ ሁለቴ አስደገሙት፣ ሁለቴ ደገመው። የሰኞ ሰኞ በጎታቿ ጀልባ ሥራ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ማር ሆነ አልልም። ጀልባዋ የጠርሙስ ክዳን ታክላለች ብሎ አንድ ወር አኩርፏል። ትልቅ መርከብ ወደ ውጭ ሲሸኝ የዋለ ቀን ራት ላይ ቃል አይወጣውም፤ ባሕሩ እንደናፈቀው ይገባኛል፣ እሱም አይደብቀኝም። እኔም የሆዴን መናገር ገና እየተለማመድኩ ነው፤ አንዳንዴ አበዛዋለሁ። ልጅቷ ደግሞ ሳትነግረው አንድ ነገር አደረገች። ደሴቷን ካስመለሱ በኋላ በስልሳው ላይ አስር መርከብ ጨምራ አሠራች። ስልሳው ይጠብቃል፣ አስሩ ተራ በተራ ወደ ቤቱ ገብቶ ያርፋል። ለጨዋታው ምንም ጥቅም የለውም። እሱ ሲያይ ፀጉሯን ዳበሳት።

ስሪቪጃያ የተመሠረተችው አንድ ቅዳሜ ከራት በፊት ነው። ባሕሩ ሁሉ በአንድ ቀለም ሲሞላ፣ ስሟ በውሃው ላይ ተዘርግቶ ሲጻፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያምራል። እኔ ግን መናገር የምፈልገው ከዚያ በፊት ስለነበረችው አንድ ሰዓት ነው።

አስሩ ዓመት ሞላና የመመሥረቻው ቁልፍ በራ። ልጅቷ ጊዜውን አቆመችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ተጫኚው እንጂ» አልኳት።

«አባዬ ሳይኖር? አይሆንም። ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

በዚህ ቤት ስለ እሱ የሚጠየቀው በወር ነበር። በየትኛው ወር ይመጣል፣ ከዝናቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ለልደቴ ይደርሳል ወይ። ስንት ሰዓት ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁት።

«አስራ ሁለት ሰዓት ላይ» አልኳት።

አስራ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ። እሷ በመስኮት ታያለች፣ እኔ ድስቱን አወጣለሁ መልሼ እጥዳለሁ። ሃያ ደቂቃ አርፍዶ በሩን ሲከፍት ሁለታችንም እየተቀባበልን ወረድንበት፤ ስልክ አይደወልም ወይ፣ ራቱ ደረቀ፣ ስንት ሰዓት ነው ያልከን፣ አንድ መንግሥት ሙሉ አንተን ብሎ ቆሞ ይጠብቃል! እሱ እርጥብ ጫማውን እንዳደረገ ደፉ ላይ ቆሞ፣ አንዱንም ሳይመልስ፣ ፊቱ እየበራ ሁሉንም አዳመጠን።

«ሌላስ?» አለን።

ሌላም ነበረን።